ራስጌን ከፍ አድርጎ መተኛት፦ ከኤምኤስ ጋር ለምታድሩ

መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ባጭሩ ኤምኤስ፣ ቀን ቀን ሌላውም ሰው ያየዋል፤ ሌሊቱን ግን የሚያውቀው ታማሚው ብቻ ነው። እግር ሳይታሰብ ይኮማተራል፣ ባት ይገተራል፣ ሽንት ደጋግሞ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፣ ጠዋት ሲነሱ ደግሞ ያልተኙ ያህል ዝለቱ አብሮ ይነሳል። የአልጋዬን ራስጌ ከፍ ያደረግኩት ለዚህ ሌሊት ብዬ ነው፤ አሁንም የምተኛው እንደዚያው ነው። የራሴን ታሪክ ግን አልተርክም። ለሚሞክር ሰው የሚጠቅመው ልኩ፣ ድጋፉ፣ የሚበላሽበት ቦታና የሚተውበት ጊዜ ነው።

አስቀድመን የምንጠብቀውን ልክ እናስይዝ። ኤምኤስ የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ነርቭ ልባስ፣ ማለትም ማይሊንን፣ ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። አልጋ ማዘንበል ይህን ጥቃት አያቆምም፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒትም አይተካም። ሐሳቡን ያስፋፋው አንድሩ ፍሌቸር የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ውሃ በረጃጅም ዛፎች ውስጥ እንዴት ሽቅብ እንደሚወጣ ከማሰላሰል ተነስቶ፣ የመሬት ስበት በሰው አካል ፈሳሾች ዝውውር ላይም እንዲሁ ይሠራል አለ፤ ራስጌን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ማንሳትንም መከረ። ይህ መላምት ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ጣሊያናዊው ሐኪም ፓኦሎ ዛምቦኒ በ2009 የኤምኤስን መንስኤ ከአንገት ደም መላሽ ሥሮች መጥበብ ጋር ሲያያይዝ፣ አንዳንዶች የአልጋውን ነገር በዚያ ሊያስረዱት ሞክረው ነበር። ሥሮቹን ማስፋት ለታማሚዎች እንደማይጠቅም ግን በኋላ በተደረጉ ቁጥጥር ያላቸው ሙከራዎች ታይቷል፤ ከእነዚህ አንዱ ራሱ ዛምቦኒ ከባልደረቦቹ ጋር በ2017 ያወጣው ነው። ስለዚህ «ሥሩ ይከፈታል» የሚል ማብራሪያ ከሰማችሁ እለፉት።

ታዲያ አልጋ ለማዘንበል ለምን እንደክማለን? ጥቂት ዲግሪ በሰውነት ላይ ለውጥ ስለሚያመጣ ነው። የጠፈር ተመራማሪዎች ክብደት አልባነት በሰው ላይ የሚያደርሰውን ለማጥናት ጤነኛ ሰዎችን ጭንቅላታቸው 6 ዲግሪ ዝቅ ባለ አልጋ ላይ ያስተኛሉ፤ ፈሳሹ ወደ ራስ ለመሸሽ ያ ብቻ ይበቃዋል። በተቃራኒው በኩል ደግሞ ቃር ለሚያስቸግረው ሰው ራስጌን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ማንሳት የቆየ የሕክምና ምክር ነው። ሲቆም የደም ግፊቱ ለሚወርድበት ሰውም ሐኪሞች ራስጌ ያስነሳሉ፤ በዝንባሌው ኩላሊት ሌሊት የሚያስወጣው ጨውና ውሃ ይቀንሳል፣ የሌሊት ሽንትም አብሮ ይቀንሳል። ማንኮራፋትና በእንቅልፍ ውስጥ የሚከሰት የትንፋሽ መቆራረጥም በመጠኑ ይቀልላል። ኤምኤስ ያለበት ሰው ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው። እንቅልፍ የቆረጠውም ድካሙን በእጥፍ ይከፍላል። አልጋው የሚጠቅመው፣ በእኔ ግምት፣ በዚህ በኩል ነው፦ እንቅልፍ የሚቆርጠውን ነገር በመቀነስ። ነርቭ ይጠግናል የሚል ሰው ከመጣ ማስረጃ ጠይቁት።

ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ማማከር ያለበት ሰው አለ። እግሩ የሚያብጥ፣ በእግሩ ደም ሥር ደም ረግቶበት የሚያውቅ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ የአልጋ ቁስል ያለበት ወይም ኖሮበት የሚያውቅ፣ ከወገብ በታች ስሜቱ የደከመ፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር በሰው እርዳታ የሚሸጋገር። እነዚህ ሁሉ አይሆንላቸውም ማለቴ አይደለም፤ ማስተካከያው ግን የፊዚዮቴራፒስት ዓይን ይፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ደግሞ አልጋው ከመነካቱ በፊት የሚሠራው ነው። ኤምኤስ በራሱ ይወጣል ይወርዳል። ሰው አዲስ ነገር የሚሞክረው ሲብስበት ስለሆነ፣ ምንም ባያደርግ እንኳ ቀጥሎ የሚመጣው ሳምንት ብዙ ጊዜ ካለፈው ይሻላል፤ ምስጋናው ግን ለአልጋው ይሄዳል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በተለመደው ጠፍጣፋ አልጋ ላይ እያደራችሁ ጻፉ፦ ለሽንት ስንት ጊዜ እንደተነሳችሁ፣ መኮማተር ስንት ጊዜ እንደቀሰቀሳችሁ፣ ጠዋት ድካሙ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት እንደሆነ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አካሄዳችሁን ለኩ። የነርቭ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ርቀት 7.6 ሜትር ነው፤ ወለሉ ላይ መነሻና መድረሻውን ምልክት አድርጋችሁ፣ ለደኅንነት በሚመቻችሁ ፈጣን እርምጃ ስትሄዱ በስልክ ሰዓቱን ያዙ። ከ20 በመቶ በታች የሆነ ልዩነት የዕለት መዋዠቅ ሊሆን ስለሚችል ብዙ አትደሰቱበት፣ አትዘኑበትም። በዚህ ጊዜ ሌላ ነገር አትቀይሩ፤ አዲስ ፍራሽ፣ አዲስ ቫይታሚን፣ አዲስ የአካል እንቅስቃሴ ከአልጋው ጋር ከተቀላቀለ የቱ እንደረዳ ማንም አያውቅም።

አሁን ወደ አልጋው። መዘንበል ያለበት አልጋው ሙሉ በሙሉ ነው፤ ከራስጌ እስከ ግርጌ ቀጥ ያለ አንድ ተዳፋት። ትራስ መደራረብ ወይም ባለ ሦስት ማዕዘን ትራስ ከጀርባ ማስገባት ሌላ ነገር ነው፤ ሰውነትን ወገብ ላይ ያጥፈዋል፣ ሆድን ይጫናል፣ የዳሌ ማጠፊያ ጡንቻው የሚገተርበትን ሰው ደግሞ ሌሊቱን በሙሉ በታጠፈበት ያቆየዋል። የኤሌክትሪክ አልጋም ጀርባውን ብቻ የሚያነሳ ከሆነ ያው ነው። አንዳንድ የሆስፒታል አልጋዎች ግን ሙሉ አካላቸውን የሚያዘነብል ቁልፍ አላቸው፤ ራስ ከፍ ሲል «ሪቨርስ ትሬንደለንበርግ» ይባላል። ያ ካላችሁ ስለ እንጨቱ የምጽፈውን ዝለሉት።

ከፍታው የሚለካው በሳንቲ ሜትር ቢሆንም ሰውነት የሚያውቀው ዲግሪውን ነው። በራስጌና በግርጌ እግሮች መካከል ያለው ርቀት 190 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 5 ሳንቲ ሜትር ማንሳት 1.5 ዲግሪ፣ 10 ሳንቲ ሜትር 3 ዲግሪ፣ 15 ሳንቲ ሜትር 4.5 ዲግሪ ይሰጣል። የአልጋው እግሮች ወደ ውስጥ ገባ ያሉና ርቀታቸው 140 ብቻ የሆነ እንደሆነ ግን ያው 15 ሳንቲ ሜትር ከ6 ዲግሪ ያልፋል። «ሁሉም ሰው 15 ያነሳል፣ እኔ ብቻ ተንሸራተትኩ» የሚል ሰው አልጋ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህ የአልጋውን ጠቅላላ ርዝመት ትታችሁ በእግሮቹ መካከል ያለውን ለኩ፤ ከዚያም የስልካችሁን ውሃ ልክ፣ ማለትም ዝንባሌ የሚለካውን መተግበሪያ፣ ከፍታችሁ ስልኩን በአልጋው የጎን እንጨት ላይ አጋድማችሁ ዲግሪውን አረጋግጡ። ከ5 ዲግሪ በላይ መውጣት ለመንሸራተት እንጂ ለሌላ ትርፍ የለውም ባይ ነኝ።

መደገፊያውን ከእንጨት መሥራት ይሻላል። ጡብ ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ሁለት ሲደራረብም ይንሸራተታል፤ መጻሕፍት በፍጹም አይሆኑም። ለእያንዳንዱ የራስጌ እግር 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆኑ፣ 5 ሳንቲ ሜትር የሚወፍሩ ሦስት የእንጨት ቁራጮች አዘጋጁ። በኮላ አታጣብቋቸው፤ በረጃጅም ብሎን ከላይ ወደ ታች እሰሯቸው። እንዲህ ሲሆን በአንድ ንብርብር ጀምሮ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መጨመር፣ ካልተስማማም መቀነስ ይቻላል። ከላይኛው ንብርብር ጠርዝ ዙሪያ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቀጭን እንጨት መትታችሁ የአልጋው እግር የሚገባበት ሳጥን አድርጉለት። ሳጥኑ ከሌለ ሌሊት በኃይል ስትገላበጡ፣ ይልቁንም እግር በመኮማተር ሲወራጭ፣ አልጋው ከእንጨቱ ላይ ሊወርድ ይችላል። ሳጥኑን በጠርዝ እንጨት ከመሥራት ይልቅ የላይኛውን እንጨት ቦርቡራችሁ ካወጣችሁት፣ የቦረቦራችሁት ጥልቀት ከከፍታው እንደሚቀነስ አትርሱ። የተነሳው እግር ቀጥ ብሎ ስለማይቆም በአንድ ጠርዙ ብቻ ይጫናል፤ በሳጥኑ ውስጥ ወፍራም የጎማ ቁራጭ ማንጠፍ ጫናውን ያከፋፍላል፣ መንቋቋቱንም ያስቀራል።

ሲነሳ ፍራሹ ይውረድ፣ አልጋውን ሁለት ጤነኛ ሰዎች ያንሱት፣ ታማሚው ዞር ይበል። ተሽከርካሪ እግር ያለው አልጋ ከሆነ ጎማዎቹ ይነቀሉ፤ መቆለፊያ አለው ብላችሁ አትመኑ። የግርጌ እግሮች ሥር ጎማ አንጥፉ፣ ከተቻለም ግርጌውን ከግድግዳ አስጠጉት፤ ያዘመመ አልጋ በየሌሊቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ታች መሄድ ይወዳል።

ሰፊ አልጋ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከመሃል የሚደግፍ እግር አለው። ራስጌው ሲነሳ ይህ እግር አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ርብራቡም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። እግሩ ልክ መሃል ላይ ከሆነ የራስጌውን ግማሽ፣ ማለትም ለ15 ሳንቲ ሜትር 7.5፣ ከሥሩ አስገቡለት። ከግርጌ አንድ ሦስተኛው ላይ ካለ 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ውሃ ልኩን ከጎን ወደ ጎን አጋድሙት። ወለሉ ራሱ ትንሽ ካዘመመ አልጋው ወደ አንድ ጎን ያንከባልላችኋል፤ ለዚያ ቀጭን ጣውላ መጨመር ያስፈልጋል። መሃሉ የሰመጠ አሮጌ ፍራሽ ካለም ይገልበጥ፣ ሰመጣው ከቀጠለ ይቀየር፤ ተዳፋት ላይ ሰመጣ ይብሳል።

ፍራሹ ወለል ላይ ለሆነ ሰው ጠንካራ ፕላይውድ፣ ቢያንስ 18 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ ከፍራሹ ሥር ገብቶ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ቁመታቸው እየቀነሰ በሚሄድ አግዳሚ እንጨቶች ይደገፋል። ከዚህ በሰፋ ርቀት ከደገፋችሁት ይጎብጣል።

የአልጋው ከፍታ መቀየሩ ከመተኛት ይልቅ መነሳት ላይ ይታያል። ራስጌው በ15 ሲነሳ የምትቀመጡበት የመሃል ጠርዝ በ7 ወይም በ8 ሳንቲ ሜትር ይነሳል። ሁለቱም እግሮቻችሁ ሙሉ በሙሉ ወለል የማይነኩ ከሆነ ሌሊት ለሽንት መነሳት የመውደቅ አደጋ ይሆናል። ወደ ግርጌ ተጠግቶ መቀመጥና ከዚያ መነሳት ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ካልፈታው የግርጌውን እግሮች ማሳጠር አለ፤ ይህን ግን ማድረግ የሚገባው አልጋው እንደሚስማማችሁ ከታወቀ በኋላ ነው፣ የተቆረጠ እግር አይመለስምና። ከተሽከርካሪ ወንበር የሚሸጋገር ሰው የመጀመሪያውን ሙከራ በቀን ብርሃን፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ ያድርግ።

ሰዎች ሙከራውን የሚያቋርጡበት ዋናው ምክንያት መንሸራተት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ4.5 ዲግሪ ላይ ሲተኛ 5.5 ኪሎ ያህል ክብደት ወደ ግርጌ ይስበዋል። ይህን የሚይዘው ሰበቃ ብቻ ነው። የሚያዳልጥ አንሶላ፣ የናይለን ፒጃማ፣ ከአንሶላው ሥር ያለ የፕላስቲክ ፍራሽ መሸፈኛ ሰበቃውን ያጠፉታል፤ የጥጥ አንሶላና የጥጥ ልብስ ይመልሱታል። እዚህ ላይ ኤምኤስ የራሱን ችግር ያመጣል፦ ለመገላበጥ የሚቸገሩ ሰዎች ሆን ብለው የሚያዳልጥ ጨርቅ ከዳሌያቸው ሥር ያነጥፋሉ። ከእነሱ አንዱ ከሆናችሁ ጨርቁን ከዳሌ በታች አታውርዱት፣ ተረከዝ የሚያርፍበት ጥጥ ይሁን፣ ከፍታውም 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቁም። ቀጭን ትራስ ከጉልበት ሥር ማድረግም ይይዛል፤ ነገር ግን ጉልበቱ ወደ መታጠፍ የሚገተርበት ሰው ሌሊቱን ሁሉ እንዲህ ካደረ ጅማቱ እያጠረ ስለሚሄድ ለእሱ አይመከርም።

ግርጌ ላይ ጠንካራ ሰሌዳ አቁሞ እግርን በእሱ መደገፍ ጥሩ መፍትሔ ይመስላል፤ ለእኛ ግን ብዙ ጊዜ አይሆንም። ጡንቻው የተገተረ ሰው የእግሩ መዳፍ፣ በተለይ ከጣቶቹ ሥር ያለው ክፍል፣ ሲጫን ቁርጭምጭሚቱ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም እግሩ በሙሉ ቀጥ ብሎ ይገተራል። «አልጋው መኮማተር አባሰብኝ» ለሚል ሰው የመጀመሪያ ጥያቄዬ እግርህ ምን ይነካል የሚለው ነው። ድጋፍ ካስፈለገ ለስላሳና ሰፊ ይሁን፤ የከበደ ብርድ ልብስም ግርጌ ላይ ተጠቅጥቆ ጣቶችን አይጫን።

ትራስ ይቀነስ። አልጋው ራሱ ጭንቅላትን ስላነሳ አንድ ቀጭን ትራስ ይበቃል። በድሮው ወፍራም ትራስ ላይ ተዳፋቱ ሲጨመር አገጭ ወደ ደረት ይጠጋል፤ አንገት ሲታጠፍ በጀርባ በኩል እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረው፣ ሐኪሞች የለርሚት ምልክት የሚሉት ስሜት ያለበት ሰው ደግሞ ሌሊቱን ሲነዘር ያድራል። ይህን አዲስ ጥቃት ነው ብሎ የሚደነግጥ አለ። ትራሱን መቀነስ ያቀለዋል።

ቆዳ። አካል ወደ ታች ሲሳብ ቆዳው ግን አንሶላው ላይ ተይዞ ይቀራል፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ይጎተታል። የአልጋ ቁስል እንዲህም ይጀምራል፣ ይልቁንም በመቀመጫ አጥንትና በተረከዝ። ስሜቱ የደነዘዘ ሰው አያውቀውም። ጠዋት ጠዋት በመስታወት ወይም በሌላ ሰው ዓይን እዩት። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በደንብ ስለማይታይ በእጅ ዳስሱት፦ ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ፣ ወይም ቀለሙ ከወትሮው የጠቆረና ሲጫኑት የማይለወጥ ከሆነ አልጋው ወደ ጠፍጣፋ ይመለስ፣ ሐኪም ይየው። ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚያስወጣ ቱቦ፣ የሚጠቀም ሰው ከረጢቱ ከፊኛው በታች መሆኑንና ቱቦው አልጋው ጠርዝ ላይ እንዳልታጠፈ በአዲሱ አቀማመጥ እንደገና ይፈትሽ።

ጅምሩ ቀስ ያለ ይሁን። አንድ ሳምንት በ5 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ሳምንት በ10፣ ከዚያ 15። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አንገትና ትከሻ ይከብዳል፣ ባት ይወጠራል፣ ግርጌ ላይ ተሰብስቦ መንቃት አለ። ይህ በሳምንት ውስጥ ካልቀለለ ወደ ቀደመው ንብርብር መውረድ ነው። እልህ አያስፈልግም፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ተመችቶት የሚያድር ሰው 15 ላይ መድረስ ግዴታ የለበትም።

ከሁሉ አጥብቄ የምቃወመው አንድ አባባል አለ፦ «ሕመሙ ሲብስ የመዳን ምልክት ነው፣ ታገሡት»። አይደለም። አዲስ ድካም፣ አዲስ መደንዘዝ፣ የዓይን መደብዘዝ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ማገርሸት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪማችሁ በጊዜ ንገሩ። ትኩሳትና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም የቆዩ ምልክቶችን ቀስቅሰው ማገርሸት ያስመስላሉ፤ ሽንት መመርመር የመጀመሪያው ሥራ ነው። የክፍሉ ሙቀትም ይታሰብ። ኤምኤስ ሙቀት አይወድም፤ ጠዋት መዛሉ ከወፍራም ብርድ ልብስ እንጂ ከተዳፋቱ ላይሆን ይችላል።

እግር ማበጥን በግምት አትተዉት። በየሳምንቱ ጠዋት፣ ሳትነሱ፣ ከቁርጭምጭሚት አጥንት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ የሁለቱንም እግር ዙሪያ በሜትር ለኩ። ሁለቱም እየጨመሩ ከሄዱ ከፍታው ይቀነስ። አንዱ ብቻ ካበጠ፣ ካመመና ከሞቀ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት፤ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከተጨመረበት ደግሞ ደቂቃም አታባክኑ።

አብሮ የሚተኛ ሰው ካለ ከመጀመሩ በፊት ይጠየቅ፤ ተዳፋቱ ለእሱም ነው። ካልተስማማው ሁለት ነጠላ አልጋ ጎን ለጎን ማድረግ ይቻላል።

ሦስት ወር ያህል ከቆያችሁ በኋላ ማስታወሻችሁን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጋር አስተያዩት። የሌሊት ሽንትና ቃር ከተለወጡ ቀድመው የሚለወጡት እነሱ ናቸው፤ የጠዋት ድካም ከእንቅልፉ ኋላ ይከተላል፤ በእርምጃ ፍጥነት ላይ ብዙ አትጠብቁ። የተሻለ መስሎ ከታያችሁ በየጥቂት ቀኑ አንዳንድ ንብርብር እያወጣችሁ አልጋውን ወደ ጠፍጣፋ መልሱትና ለሁለት ሳምንት መመዝገባችሁን ቀጥሉ። ምልክቶቹ ከተመለሱ እንጨቶቹን መልሳችሁ አስገቡ፤ ካልተመለሱ መሻሻሉ ከሌላ ቦታ ነው የመጣው። ያም ሆነ ይህ ደብተሩን ለቀጣዩ ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሱ በቁጥር ያየ ሐኪም ለፊኛውም ለመገተሩም የሚያዝዘውን መድኃኒትና የሚወሰድበትን ሰዓት ለማስተካከል ይቀለዋል።